ሽቦው ባለፈበት መንገድ

መተሐራን አልፎ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚወርድ መንገደኛ በስተግራው የፈንታሌን ተራራ ያያል፤ ዕድል ከቀናው በስተቀኙ ከአዋሽ ፓርክ ሜዳ ላይ ሳላ ያያል። እኔ ያን ቀን ዓይኔ የተተከለው ምሰሶ ላይ ነበር፤ ሽቦ የሌለው የስልክ ምሰሶ። አንዱ ዘመም ብሎ ቆሟል። ሌላው ላይ ወፍ ጎጆዋን ሠርታበታለች። አንዱን ደግሞ ከሥሩ ነቅለው የበረት ማገር አድርገውታል። ሾፌሩ በመስታወት ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?" አለኝ። ስነግረው ሳቀ። "ሽቦውማ ድሮ ተሽጦ ተበላ!"

ከአዲስ አበባ ሐረር ለመሄድ ዛሬ እስከ ድሬዳዋ አውሮፕላኑም ባቡሩም አለ። በመኪና መውረድ የፈለግሁት በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር በዚሁ አቅጣጫ ስለተዘረጋ ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ፣ 477 ኪሎ ሜትር። የቴሌኮም ታሪካችን ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህ መስመር ሲሆን ዓመቱም በፈረንጆቹ 1894 ተብሎ ተይዟል። ለዳግማዊ ምኒልክ ሥራ የበዛበት ዓመት ነበር። የባቡሩን ውል ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ያኔ ነው፤ ምስላቸው ያለበት የመጀመሪያው ቴምብር ፓሪስ የታተመውም ያኔ። ሐረር በዚያ ዘመን የአገሪቱ የፊት በር ናት። ቡናው የሚወጣው፣ ጠመንጃው የሚገባው፣ የውጭ መንግሥት መልእክተኛ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው፤ ገዥዋም ራስ መኰንን ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ቶሎ ማወቅ ነበረባቸው።

ከሽቦው በፊት ወሬ የሚሄደው በእግር ነው። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ይገሰግሳል። ዘንጉን ያየ የትልቅ ሰው መልእክት መሆኑን ያውቃል። ሽቦው ሲመጣ ደግሞ መከራው አብሮት መጣ። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፤ ሽቦውን ለአምባርና ለጌጥ የፈለገው ይቆርጠዋል። ሾፌሩ "ተሽጦ ተበላ" ያለኝ ነገር ለካ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ከሻይ ቤቱ ማዶ፣ ግራር ጥላ ሥር፣ ሁለት የአፋር ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው ጠና ያሉ ናቸው፤ ሌላው ወጣት ሆኖ ሽርጡ ላይ ስልክ ሽጧል። እጅ ለእጅ ተያያዙና ቁጢጥ አሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም ሳይል በአንድ ዜማ ይሄዳል። ሾፌሩ አዋሽ ተወልዶ ያደገ ነው። ጆሮውን ቀስሮ "ዳጉ ነው" አለኝና ይተረጉምልኝ ጀመር። ከየት መጣህ? በየት አለፍክ? ዝናብ ጣለ ወይ? ሣር አለ ወይ? የሞተ፣ የታመመ፣ የተጣላ አለ ወይ? እንግዳ ሰው አይተሃል? ፍየል ስንት ገባ?

ስለ ዳጉ፣ ስለዚህ የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ወግ፣ ብዙ ሰምቼ ነበር፤ ሕግ እንዳለው በደንብ የገባኝ ግን እዚያ ሻይ ቤት ነው። በዳጉ ያየኸውንና የሰማኸውን ለይተህ ትናገራለህ። ሰማሁ ካልክ ከማን እንደሰማህ ትጠየቃለህ፤ ያም ሰው ከማን እንደሰማ። ዳጉ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ነውረኛ ነው። ውሸት ያቀበለ ደግሞ ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ይደርስበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን የሚያምነው አይኖርም። በረሃ ላይ የተሳሳተ የዝናብ ወሬ ማለት ከብቱን ሁሉ ይዞ ወደ ድርቅ መንዳት ማለት ነውና ነገሩ ቀልድ የለውም።

ወጣቱ ከሄደ በኋላ ጠናው ሰውዬ ወደ እኛ መጡ። ሾፌሩ ወንበር ስቦላቸው "አባባ፣ አሁን በስልክም ዳጉ ትባባላላችሁ አይደል?" አላቸው። ሳቁ። "እንባባላለን፤ ግን ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል።" ሻያቸውን ፉት ብለው ጨመሩበት፤ "ደግሞ በስልክ 'አየሁ' የሚለኝን ሰው ዓይኑን አላየውም።"

ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ቆላውን ትቶ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። ጭሮ ስንደርስ (ለእኔ ዕድሜ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ ናት) ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ አንዲት ሱቅ ፊት ቆምኩ። የግድግዳዋ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይነበባል። ከላይ የቴሌብር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከእሱ ሥር በቀይ ቀለም "የሞባይል ካርድ አለ" ይላል። ከዚያም ሥር፣ በሰማያዊ፣ ግማሹ በጠፋ ፊደል፣ "ስልክ ይደወላል"። ቴሌብር የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ካርድ የምንፍቀውም ትናንት ነበር ማለት ይቻላል። ሱቁ ውስጥ ያለውን ልጅ ስለ ሰማያዊው ጽሑፍ ብጠይቀው ወጥቶ አየውና "ምን ማለት ነው? ሰው ስልክ ለመደወል ሱቅ ይመጣ ነበር?" አለኝ። በየቀኑ ሥሩ ተቀምጦ አንብቦት አያውቅም።

እኔ ባደግሁባት የወሎ ትንሽ ከተማ ደግሞ ስልክ የሚደወልበት ሱቅ ራሱ ቅንጦት ነበር። የነበረው አንድ የቴሌ ቢሮ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚፈልግህ ሰው ካለ መጀመሪያ ጥሪ ያስመዘግባል፤ ከዚያ ተላላኪው ብጣሽ ወረቀት ይዞ ሰፈር ለሰፈር ይፈልግሃል። "ነገ በ4 ሰዓት ጥሪ አለዎት።" ከማን እንደሆነ አንዳንዴ ይነገራል፣ አንዳንዴ አይነገርም። ያቺ ወረቀት የገባችበት ቤት ሌሊቱን አይተኛም። በማግስቱ ተጠሪዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጎረቤት አስከትላ ትሄዳለች። የስልክ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ በሩን ብትዘጋውም "ይሰማል? ይሰማል ወይ?" እያለች ስትጮኽ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። መሃል ላይ ኦፕሬተሩ ይገባና "ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይጨምራሉ?" ይላል። አብዛኛው ሰው አይጨምርም። ሦስቱ ደቂቃ በ"ደህና ነሽ?" ስላለቀ ዋናው ጉዳይ ለደብዳቤ ይተርፋል።

ደብዳቤውም ቢሆን ብቻውን አይመጣም። ቤት ድረስ የሚያደርስ ፖስተኛ ስለሌለን የእገሌ መሥሪያ ቤት ወይም የእገሌ ትምህርት ቤት ሳጥን ቁጥር ይጻፍበትና "በአቶ እገሌ በኩል" ይባላል። ከፖስታ ቤት የበለጠ የሚታመነው ደግሞ የሰው እጅ ነው፦ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ረዳት፣ ለቅሶ የሚሄድ ዘመድ። ከደረሰ በኋላ አንባቢ ይፈለጋል። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት እትዬ ልጃቸው አሰብ ወደብ ይሠራ ነበር፤ ደብዳቤው ሲመጣ የሚያነብላቸው እኔ ነኝ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጀምራለሁ። "ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" ይህን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ያስነብቡኛል። የደብዳቤው ግማሽ የሰላምታ ዝርዝር ነው። ስሙ የተዘለለ ጎረቤት ቡናውን ሳይጨርስ እንደሚነሣ ልጅም ብሆን አውቃለሁ፤ እናም አልፎ አልፎ ያልተጻፈ ስም እጨምራለሁ።

አንድ ቀን ደብዳቤው እጃችን የገባው ሌሊት በደረሰ መኪና ነው። እናቴ ማንበብ ትችል ነበርና ቀድማ አየችው። ልጁ ታሞ ሆስፒታል መተኛቱን ጽፏል። ጠዋት ወረቀቱን ስትሰጠኝ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ "ይቺን ዝለላት" አለችኝ። ዘለልኳት። ከቡናው በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን፣ እናቴ እትዬን ወደ ጓሮ ይዛቸው ሄደችና ራሷ ነገረቻቸው። ልጁም በኋላ ድኖ መጣ።

ህንድ የቴሌግራም አገልግሎቷን በፈረንጆቹ ሐምሌ 2013 ስትዘጋ ሰው የመጨረሻውን መልእክት ለመላክ ተሰልፏል፤ ጋዜጦችም እንደ ቀብር ዘግበውታል። በእኛ አገር የጥሪ ወረቀት የቆመበትን ቀን ማንም አላወጀም። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ አንድ ሲም ካርድ ለማግኘት ደጅ የምንጠናበት ጊዜ ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት ደስ ያለን ሰዎች፣ ዛሬ ያንኑ መልእክት የምናየው ባንክ ገንዘብ ሲቆርጥብን ብቻ ነው። ተላላኪው፣ ሳጥኗና ሦስቱ ደቂቃ የሄዱት በዚህ መሃል ነው፤ በየትኛው ሳምንት እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

ድሬዳዋ የገባነው ሲመሽ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ናት፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ መንገዱን ከላይ የሸፈኑት ዛፎችና የአሮጌው ጣቢያ ፊት አሁንም አሉ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በራሱ መስመር ያልፋል። አሮጌው ሐዲድ አንድ ነጠላ መስመር ስለነበረ ከፊት ያለው ጣቢያ "መንገዱ ነፃ ነው" ሳይል ባቡር አይነሣም ነበር፤ ያን ቃል የሚያመላልሰው የባቡሩ ስልክ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ይህን እያስረዳኝ ሳለ "እውነተኛውን የስልክ ሰው ከፈለግህስ" ብሎ ሳቢያን ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት እናት ወሰደኝ።

እኚህ እናት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በቴሌ ኦፕሬተርነት ነው። ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው፤ እሳቸው ማዳመጫው ጭንቅላታቸው ላይ ያለ ይመስል ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ያወራሉ። ሰሌዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ መብራት ሲበራ ገመዱን ትሰካለህ፣ ማን እንደሚፈልግ ትጠይቃለህ፣ ሌላውን ጫፍ ትሰካለህ። ጠዋት ጅቡቲ ይበዛል፤ ነጋዴ ነው። ከሰዓት ሐረርና ጅጅጋ። ማታ አዲስ አበባ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ይመልሳሉ፤ ጅቡቲ ላለችው ባልደረባቸው በፈረንሳይኛ።

"ሰው ሲያወራ ታዳምጡ ነበር?" አልኳቸው።

"ምን ጥያቄ ነው ልጄ! ካላዳመጥኩ መስመሩ መቆረጡን በምን ላውቅ?"

ሳቃችን ሲበርድ እንዲህ አሉኝ። አንድ ነጋዴ ጅቡቲ ሆኖ ለሚስቱ ይደውላል፤ ንግዱ ሲበላሽበት ቁጣውን እሷ ላይ ይወጣል። "እየጮኸ ወደ ፍቺ ሲሄድብኝ ገመዱን ነቅዬ 'ይቅርታ፣ መስመሩ ተበላሽቷል' እለዋለሁ። ለሷም እንደዚያው። ከሰዓት 'ተሠርቷል' ብዬ አገናኛቸዋለሁ፤ ያኔ ሁለቱም በርደዋል። ስንቱን ትዳር በብልሽት አተረፍኩት መሰለህ!"

ሁሉም ኦፕሬተር እንደ እሳቸው ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም። የሰማውን የንግድ ምሥጢር ለተፎካካሪ የሚሸጥ ነበር፤ ለጸጥታ ሰው የሚያቀብል ነበር፤ ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ፣ በውስጡ ያለውን ብር የሚያስቀር ነበር። የጥሪ ሳጥኗ በር ላይ ፍቅሯን እየጮኸች የተናገረች ልጅ ከተማው ሁሉ አፍ ላይ ትወድቅ ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ ከወደደችው ጋር ሌሊቱን ታወራለች፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማንም መልሶ እንዲወስድባት አልፈልግም። ነገር ግን ከባለ ዘንጉ መልእክተኛ እስከ ኦፕሬተሯ እናት ድረስ መልእክት ሁሉ መሃሉ ላይ ሰው ነበረው፤ የሚሸከም፣ የሚያነብ፣ የሚያዘገይ፣ አንዳንዴም የሚዘል። አሁን ላኪና ተቀባይ ብቻቸውን ተፋጠዋል።

ከድሬዳዋ ተነሥተን ደንገጎን ወጣን። ሐረማያን አልፈን አወዳይ ስንደርስ መንገዱ በጫት ገበያ ተዘግቷል። ጫት ካደረ ዋጋው ይወርዳልና እዚህ ሁሉ ነገር ሩጫ ነው። አንድ ደላላ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ፣ ሦስተኛው ደረት ኪሱ ውስጥ እየጮኸ፣ ሐርጌሳ ስንት እንደገባ ለጅቡቲ ይነግራል። የዋጋ ወረቀት በሾፌር እጅ ይላክ እንደነበር ብጠይቀው ለመስማት ጊዜ አልነበረውም።

ሐረር ስለ መጠበቅ የምትነግረው ብዙ ነገር አላት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በፈረንጆቹ 1880 መጨረሻ እዚህ የደረሰው ከባሕሩ ዳርቻ ሃያ ቀን በፈረስ ተጉዞ ነው። ለእናቱና ለእህቱ የሚጽፈው ደብዳቤ በዚያው መንገድ ከቅፍለት ጋር ወርዶ፣ ዘይላንና ዓደንን አልፎ፣ ፈረንሳይ እስኪደርስ የጠየቀው ጉዳይ አርጅቶ ይጠብቀዋል። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ከዚህ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ማርሴይ ላይ ሞተ። ሽቦው ሐረር የገባው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ያረፍኩት ከሸዋ በር ውጭ አክስቴ ቤት ነው። ማታ ስለዚሁ ነገር ስናወራ የአጎቴ ሞት ተነሣ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሟች ዘመድ ሩቅ ካለ፣ እዚያ ላሉ ወዳጆች ብቻ ተነግሮ፣ እነሱ መክረው፣ ንጋት ላይ ሥራ ሳይወጣ ተሰብስበው ሄደው ያረዱታል። ሲወድቅ የሚደግፍ ክንድ፣ ሲጮኽ አብሮ የሚጮኽ ሰው በዙሪያው ይኖራል። አጎቴ ያረፉት ሐሙስ ነው። ልጃቸው ቨርጂኒያ ናት፤ እዚያ ያሉት የማኅበሯ ሰዎች ቅዳሜ ንጋት ሊያረዷት ቀጠሮ ይዘው ነበር። አርብ ምሳ ሰዓት ሥራ ቦታዋ መኪና ማቆሚያ ላይ ሆና ፌስቡክ ከፈተች። ሩቅ ዘመድ የአጎቴን ፎቶ ለጥፎ ሻማ አብርቶበታል፤ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ተደርድሯል። ብቻዋን ነበረች። የለጠፈው ሰው ክፋት የለበትም፤ አዝኖ ነው። ስልኩ ደግሞ ቅዳሜ ንጋት የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ስለ ድሮ ደብዳቤ የሚጻፈው ናፍቆት ብዙም አይነካኝም፤ ይህ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አክስቴ እንባዋን ጠርጋ የልጅ ልጇን ጠራች። ጅዳ ላለው ልጇ በኢሞ ድምፅ መላክ ፈልጋለች። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዘችላት። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጀመረች፦ "ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር . . ."

"እማማ፣ እሱ እኮ አያስፈልግም፤ ዝም ብለሽ አውሪ" አለቻት ልጅቷ።

"አንቺ መያዝሽን ያዢ!"

ቀጠለች። የሰፈሩ ሰው በየስሙ ሰላምታውን ላከ፤ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት፣ ባለሱቁ ሳይቀር። መሃል ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም። የልጅቷ አውራ ጣት እየተንሸራተተ ቅጂው ሁለቴ ተቋረጠና በሦስት ቁራጭ ተላከ። አክስቴ ረክታ ልትተኛ ገባች።

ልጅቷ ስልኩን እየነካካች ወደ እኔ ጠጋ አለች። "መሃለኛውን አጠፋሁት" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ጉልበቴን አመመኝ ያለችበትን። አባዬ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ከሰማ ይጨነቃል።"

"ታዲያ መቼ ሊሰማ ነው?"

"አርብ ዕረፍት ነው። እኔው ደውዬ እነግረዋለሁ።"